እንቢ ያለ የመኪና ጡሩንባ ጥፋቱ ከየት እንደሚፈለግ

የእርሻ ፍሬ ከማሳ ወጥቶ ገበያ እስኪደርስ ድረስ በብዙ እጅ ያልፋል። አራሹ ያፈራውን፥ ለቃሚው የሰበሰበውን፥ ጫኙ የጫነውን ሁሉ በመጨረሻ የሚረከበው መኪናው ነው። ስለ ሞተሩ፥ ስለ ጎማውና ስለ ፍሬኑ ባለመኪናው ዘወትር ያስባል፤ ስለ ጡሩንባው ማለትም ዛሬ ሁላችንም ክላክስ ስለምንለው ዕቃ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ጡሩንባው እንቢ ያለ ዕለት ግን ባለመኪናው ሁለት ዓይነት ጉዳት ያገኘዋል። አንደኛው በመንገድ ላይ የሚመጣ አደጋ ነው። ሁለተኛው፥ ይህንንም ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን እርሱ ነው፥ ጥፋቱ ያለበትን ቦታ ሳያውቅ አዲስ ጡሩንባ እየገዛ የሚያባክነው ገንዘብ ነው።

ነገሩን ያየነው በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ስለ አገሩ መንገድ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ካምፓላ በኮረብታዎች ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከምዕራብ፥ ከምባራራና ከማሳካ በኩል የሚመጣው አረንጓዴ ሙዝ፥ እነርሱ ማቶኬ የሚሉት፥ በጭነት መኪናና በፒካፕ እየተጫነ ወደ ናካሴሮ፥ ወደ ኦዊኖና ወደ ካሌርዌ ገበያዎች ይገባል። ማቶኬ በተለይ ለቡጋንዳ ሰዎች፥ እንጀራ ለእኛ እንደ ሆነው ያለ ምግብ ነው። ሙዝና እንሰት በዘር ዘመዳሞች ስለ ሆኑ የጉራጌ ወይም የሲዳማ ሰው በዚያ አገር ሲያልፍ ተክሉ እንግዳ አይሆንበትም።

ዋናው አውራ ጎዳና አስፋልት ነው። ከአውራ ጎዳናው ወደ እርሻው የሚያስገባው መንገድ ግን በአብዛኛው ቀይ አፈር ነው፤ በበጋ አቧራው እንደ ዱቄት ይቦናል፥ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሉት የዝናብ ወራት ደግሞ ጭቃው ከመኪናው ሆድ ላይ እንደ ምርጊት ይለጠፋል። በዚህ ላይ ቦዳ ቦዳ የሚባሉት ሰው ጫኝ ሞተር ብስክሌቶች አሉ። ይህ ስም የተገኘው በፈረንጅ 1960ዎቹ ዓመታት በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር በቡሲያ ሰውን ከድንበር ወደ ድንበር ያመላልሱ ከነበሩት ብስክሌቶች ነው ይባላል። አሁን በካምፓላ መንገድ ከመኪናው ግራና ቀኝ እየተሹለከለኩ የሚያልፉት እነዚሁ ናቸው። መንገዱም እንደ እኛ አገር በቀኝ ሳይሆን በግራ የሚነዳበት ስለ ሆነ፥ ከኢትዮጵያ የሄደ ነጂ እስኪለምደው ድረስ ጡሩንባውን ከሌላው ሰው ይልቅ አብልጦ ይፈልገዋል።

በካምፓላ ካባላጋላ በሚባለው ሰፈር የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አሉ። ሽንኩርትና ቲማቲም ከገጠር እያመጣ ለምግብ ቤቶች የሚያቀርብ አንድ ወዳጅ አለን። ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም። መኪናው ከጃፓን ተሠርቶ የመጣ፥ ከዓመት ወደ ዓመት በብዙ እጅ ያለፈ ፒካፕ ነው። በዝናብ ወራት አንድ ቀን ማለዳ አብረነው ከማሳካ መንገድ ስንመለስ፥ ከአንዲት ኮረብታ ቁልቁል ስንወርድ፥ አራት ትልልቅ የማቶኬ ዘለላ በብስክሌት የጫነ አንድ ልጅ ከጎን መንገድ ብቅ አለ። ወዳጃችን መሪው መካከል ያለውን የጡሩንባ ቁልፍ በመዳፉ ተጫነ። ድምፅ የለም። እንደ ገና ተጫነ፤ አሁንም የለም። ከዚህ በኋላ የቀረው ፍሬኑ ብቻ ነበርና በሙሉ ኃይሉ ረገጠው። መኪናው በጭቃው ላይ ተንሸራቶ ቆመ፤ በስተኋላ የነበሩት ሁለት ሣጥን ቲማቲሞች ተገልብጠው ፈሰሱ። ልጁ ግን ከኋላው ምን እንደ መጣበት ሳያውቅ፥ ዘወር ብሎም ሳያይ፥ ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።

ወዳጃችን በማግሥቱ የወሰደው እርምጃ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ከአንድ መለዋወጫ ሻጭ ዘንድ ሄዶ ጡሩንባ ገዛ። አስገጠመው፤ አልጮኸም። «የገዛሁት አሮጌ ቢሆን ነው» ብሎ ሌላ ገዛ፤ እርሱም አልጮኸም። በሦስተኛው ቀን በመንገድ ዳር ከዛፍ ሥር ለሚሠሩ አንድ ሸምገል ያሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መኪናውን አሳየ። ሰውየው ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤

«ሴቦ፥ ቁልፉን ሲጫኑ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማዎታል?»

በሉጋንዳ ቋንቋ ሴቦ ማለት ጌታዬ እንደ ማለት ነው።

«አዎን ሙዜ፥ ቀጭ ይላል፤ ጡሩንባው ግን አይናገርም» አለ ወዳጃችን።

«እንግዲያውስ ግማሹን መንገድ ጨርሰናል» አሉት። ቀጥሎም አንድ ክንድ የሚያህል ሽቦ አንሥተው አንዱን ጫፍ ከባትሪው አሉታዊ ራስ ላይ አሰሩት፤ ወዳጃችን ቁልፉን እንዲጫን አዝዘው ሌላውን ጫፍ ጡሩንባውን በያዘው ብረት ላይ አስነኩት። ጡሩንባው በድንገት ስለ ጮኸ ከዛፉ ሥር ይጭሩ የነበሩት ዶሮዎች ተበተኑ። ጥፋቱ ከአንዲት የዛገች ቡሎን በቀር ሌላ አልነበረም። በኋላም መጀመሪያ የተጣለው አሮጌው ጡሩንባ ተመልሶ ቢገጠም እንደ ቀድሞው ጮኸ።

አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ የተሠራው ይህ ሥራ ምን ዓይነት ጥበብ እንደ ሆነ ለአንባቢ መግለጽ ስለምንፈልግ፥ ጡሩንባው ራሱ ምን እንደ ሆነ እንጀምር።

ክላክስ የሚለው ስም ወደ እኛ የገባው በኢጣልያኖች አፍ ነው። ምንጩ ግን በፈረንጅ 1908 ዓመት በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ መሸጥ የጀመረው ክላክሰን የተባለ የንግድ ስም ሲሆን፥ ይህም መጮህ ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። የፈለሰፈው ሚለር ሪስ ሐቺሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበረ። ይኸው ሰው ጆሮአቸው ለከበዳቸው ሰዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመስሚያ መሣሪያ አስቀድሞ ሠርቶ ስለ ነበር፥ ቀልደኞች «ጡሩንባውን የሠራው ሰውን አደንቁሮ መስሚያውን ለመሸጥ ነው» ይሉት ነበር ይባላል። ዘመኑ ለእኛም የሚታወስ ነው፤ የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ገብታ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ያዩአት በ1900 ዓ.ም. ግድም ነውና።

ዛሬ በፒካፕና በትንንሽ መኪና ላይ ያለው ጡሩንባ ከሐቺሰን ዕቃ ይልቅ ቀላል ነው። በውስጡ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔትና እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ ስስ የብረት ገበታ አለ። ኤሌክትሪክ ሲገባ ማግኔቱ ገበታውን ይስበዋል፤ ገበታው ሲሳብ የኤሌክትሪኩን መገናኛ ራሱ ይከፍተዋል፤ መገናኛው ሲከፈት ማግኔቱ ኃይሉን ያጣና ገበታው ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሲመለስ መገናኛው እንደ ገና ይዘጋል። ይህ መሄድና መመለስ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 400 ጊዜ ያህል ስለሚሆን እኛ የምንሰማው አንድ ያልተቋረጠ ጩኸት ብቻ ነው። በብዙ መኪና ላይ አንዱ ወፍራም አንዱ ቀጭን ድምፅ ያላቸው ሁለት ጡሩንባዎች ጎን ለጎን ይደረጋሉ። ከሁለቱ አንዱ ሲሞት ባለመኪናው ድምፁ የቀጠነ ወይም የወፈረ መሆኑን እንጂ ጥፋት መኖሩን ሳያስተውል ብዙ ጊዜ ያልፋል።

ይህ ገጽ የገበሬ ገጽ ስለ ሆነ የኤሌክትሪኩን መንገድ በመስኖ ብንመስለው የሚሻል ይመስለናል። ባትሪው ኩሬ ነው። ፊውዙ፥ ውሃው ከመጠን ሲያልፍ ቦዩ እንዳይፈርስ አስቀድሞ እንዲሰበር ሆን ተብሎ ደካማ ሆኖ የተሠራ ግድብ ነው። ሪሌ የሚባለው ትንሽ ሣጥን፥ አንድ ልጅ በትንሽ ገመድ ስቦ የሚከፍተው ትልቅ የውሃ በር ነው፤ ልጁም በመሪው ላይ ያለው ቁልፍ ነው። ጡሩንባው ውሃው የሚያዞረው ወፍጮ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ይረዳል። የሚረሳው ከወፍጮው በኋላ ያለው መውረጃ ነው። ውሃ ወፍጮውን አዙሮ የሚወጣበት ቦይ ከተደፈነ፥ ኩሬው የሞላ በሩም የተከፈተ ቢሆን ወፍጮው አይዞርም። በመኪና ውስጥ ይህ መውረጃ የመኪናው ብረት ራሱ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ከጡሩንባው ወጥቶ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው አሉታዊ ራስ ይመለሳል። የወዳጃችን መኪና ሕመም የተደፈነ መውረጃ ነበረ።

እንግዲህ ጥፋት ፍለጋው ከኩሬው ይጀመር። የፊት መብራቱን አብርቶ ማየት ነው፤ መብራቱ የደከመ ከሆነ ነገሩ የጡሩንባ ሳይሆን የባትሪ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የሚያለቅስ፥ ሞተሩ ሲነሣ ግን በደንብ የሚጮህ ጡሩንባም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ቴስተር ያለው ሰው ባትሪውን ቢለካው የሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ያህል ያሳየዋል፤ ከ12 በታች ካሳየው ባትሪው ባዶ ነው።

ቀጥሎ ፊውዙ ነው። የፊውዝ ሣጥኑ በኮፈኑ ሥር ወይም በዳሽቦርዱ በታች ይገኛል፤ በክዳኑም ላይ የጡሩንባ ሥዕል ይታያል። ጃፓን ውስጥ ለጃፓኖች ተሠርተው በመጡት መኪናዎች ላይ ግን ጽሕፈቱ ብዙ ጊዜ በጃፓን ቋንቋ ስለ ሆነ በሥዕሉ መመራት ነው። በአንዳንድ መኪና አንዱ ፊውዝ ለጡሩንባውም አራቱን የማስጠንቀቂያ መብራቶች ለሚያርገበግበውም ያገለግላል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው ከሞቱ ፊውዙን መጠርጠር ነው። የተቃጠለውን ፊውዝ ቁጥሩ በላዩ ላይ በተጻፈው፥ ብዙውን ጊዜ 10 ወይም 15 አምፔር በሆነ፥ በትክክል እኩያው በሆነ ፊውዝ መለወጥ ይገባል። በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ወይም በሽቦ ቁራጭ የሚተኩ ሰዎች አሉ። ይህን የሚያደርግ ሰው ግድቡን በድንጋይ ገነባ ማለት ነው፤ ውሃው የሚሰብረው ሲያጣ ቦዩን ያፈርሳል፥ ይኸውም ሽቦዎቹ ግለው መኪናውን ከነጭነቱ ያቃጥሉታል። አዲሱም ፊውዝ ወዲያው ከተቃጠለ ሌላ መጨመሩን ትቶ ልባሱ ተልጦ ብረት የነካ ሽቦ መፈለግ ነው።

ፊውዙ ደኅና ከሆነ ሽማግሌው ሠራተኛ ወደ ጠየቁት ጥያቄ እንደርሳለን። ሞተሩ ጠፍቶ፥ ሬዲዮው ተዘግቶ፥ አንድ ሰው ቁልፉን ሲጫን ሌላው ጆሮውን ወደ ፊውዝ ሣጥኑ አስጠግቶ ያዳምጥ። ቀጭ የሚለው ሪሌው በሩን ሲከፍት ነው። ይህ ድምፅ ከተሰማ ልጁ ገመዱን ስቦአል፥ በሩም ተንቀሳቅሷል ማለት ነውና ጥፋቱን በአብዛኛው ከሪሌው ወዲያ፥ በጡሩንባው በኩል እንፈልገዋለን። ካልተሰማ ደግሞ ከሪሌው ወዲህ፥ ማለት በሪሌው ራሱ ወይም በመሪው በኩል እንፈልገዋለን። አንዲት ቀጭታ ሥራውን በግማሽ ትከፍለዋለች። ይህን ሳይጠይቅ ዕቃ የሚፈታ ሠራተኛ በጨለማ እንደሚፈልግ ሰው ነው።

ቀጭ የማይል ሪሌ ሲያጋጥም ከሁሉ የሚቀለው ፈተና፥ በዚያው ሣጥን ውስጥ ቅርጹም ቁጥሩም አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ሪሌ ነቅሎ በቦታው መሞከር ነው። በአዲሱ ቦታ ከሠራ የሞተው ሪሌው ነው፤ ዋጋውም ከጡሩንባ ይልቅ ርካሽ ነው። አንዳንድ ጊዜም ሪሌው ቀጭ እያለ በውስጡ ያለው መገናኛ የተቃጠለ ይሆናል፤ ይህም መለዋወጥ ይህንኑ ይገልጠዋል።

ቀጭታውን የሰማ ሰው ወደ ጡሩንባው ይሂድ። ጡሩንባው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከራዲያተሩ ፊት፥ ከፓራውልቱ በስተጀርባ፥ ማለት ከመንገድ የሚፈናጠረው ውሃና ጭቃ ሁሉ በሚያርፍበት ቦታ ነው። ወደ እርሱ የሚመጣውን ሽቦ ነቅሎ ጫፉን ማየት ነው፤ አረንጓዴ ዝገት ከያዘው ፍቆ ማጽዳት ይገባል። ከዚያም ከባትሪው አሉታዊ ራስ ጋር በታሰረ የመሞከሪያ አምፖል ረዳት ቁልፉን እንደ ተጫነ ሽቦውን መንካት ነው። አምፖሉ ከበራ ኤሌክትሪኩ እስከ ጡሩንባው ደጃፍ መጥቶአል፤ ካልበራ ሽቦው በመንገዱ ላይ ተቆርጧል፤ አይጥም የበላችው ሊሆን ይችላል። እህል በሚጫንበት መኪና ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ኤሌክትሪኩ ደጃፍ ደርሶ ጡሩንባው ዝም ካለ፥ አዲስ ለመግዛት መሮጥ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነውና በዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ። ጡሩንባ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁለት ሽቦ የሚገባበት ሲሆን መመለሻው በሽቦ የተሠራለት ነው። ሁለተኛው አንድ ሽቦ ብቻ የሚገባበት ነው፤ የዚህኛው መመለሻ የያዘው ብረትና ያቺው የታሰረችበት ቡሎን ናቸው። ቡሎኗ ከዛገች፥ ወይም ብረቱ አዲስ ቀለም ከተቀባ፥ ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ መውረጃው ተደፈነ። የወዳጃችን ሠራተኛም ሁለቱን አዳዲስ ጡሩንባዎች በዚያችው በዛገች ቡሎን ላይ ነበር ያሰራቸው። በዚህ ሁኔታ አሥር ጡሩንባ ቢገዛ ኖሮ አሥሩም ዝም ባሉ ነበር።

ፈተናው አንድ ክንድ ሽቦ ነው። አንዱ ጫፍ በባትሪው አሉታዊ ራስ፥ ሌላው በጡሩንባው ገላ ላይ፤ ረዳቱ ቁልፉን ይጫን። ከጮኸ ጥፋቱ መመለሻው ነው፤ ቡሎኗን ፈትቶ ሁለቱንም ፊት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ፍቆ፥ በደንብ አጥብቆ፥ ውሃ እንዳይገባው በላዩ ላይ ቅባት መቀባት ይበቃል። በመሞከሪያ አምፖል ብቻ መመለሻውን የሚፈትኑ ሠራተኞች አሉ፤ ይህ ግን ሊያታልል ይችላል። ትንሽ አምፖል የሚፈልገው ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለ ሆነ በዛገ መውረጃም ይበራል፤ ጡሩንባው ግን አንዱ ብቻውን ከ4 እስከ 6 አምፔር ያህል ስለሚስብ ያ ቀጭን መውረጃ አይበቃውም። ሽቦው ያለው ብልጫ ይህ ነው። በሽቦውም ባልጮኸ ጊዜ ያን ጊዜ ጡሩንባው ራሱ ሞቶአልና ገበያ መሄድ ተገቢ ነው።

ደክሞ የሚጮህ ወይም የሚንፈቀፈቅ ጡሩንባ ወዲያው አይጣል። ከዝናብ በኋላ ብቻ የሚታመም ከሆነ አፉ ወደ ላይ ዞሮ ውሃ ይዞ ይሆናልና አፉን ወደ ታች አዙሮ ማሰር ነው። ጡሩንባው በያዘው ስስ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መንቀጥቀጥ አለበት፤ ገላው ከፓራውልቱ ወይም ከራዲያተሩ ብረት ጋር ከተነካካ ድምፁ ይታፈናል። በብዙዎቹ ላይ ከበስተኋላ አንዲት ማስተካከያ ብሎን አለች፤ ረዳት ቁልፉን አጭር አጭር አድርጎ ሲጫን ብሎኗን በካቻቢቴ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ወዲያና ወዲህ ቢያዞሩአት ድምፁ ተመልሶ ሊጠራ ይችላል።

አሁን ወደ መሪው በኩል እንመለስ፤ በዚህ በኩል ግን ባለመኪናው እጁን እንዲሰበስብ እንመክራለን። መሪው ሲዞር ሽቦው እንዳይበጠስ በውስጡ እንደ ሰዓት ሞላ የሚጠቀለልና የሚፈታ ሪባን የመሰለ ገመድ አለ። ጡሩንባው መሪው ቀጥ ሲል የሚጮህ፥ ወደ አንዱ ወገን ሲዞር ዝም የሚል ከሆነ፥ ወይም የጡሩንባው መሞትና የኤርባጉ ቀይ መብራት መብራት በአንድነት ከመጡ፥ የተበጠሰው ይህ ገመድ ለመሆኑ ጥርጥር እምብዛም የለም። ኤርባግ ማለት በግጭት ጊዜ በቅጽበት የሚነፋ ከረጢት ነው፤ የተቀመጠውም ከጡሩንባው ቁልፍ በታች በመሪው መካከል ነው። ያላወቀ ሰው የጡሩንባ ቁልፍ እፈታለሁ ብሎ በካቻቢቴ ቢፈለቅቀው ከረጢቱ በፊቱ ላይ ሊፈነዳና ሊያቈስለው፥ ከዚያም የሚብስ ሊያደርሰው ይችላል። አዋቂው ሠራተኛ እንኳ የባትሪውን አሉታዊ ራስ ነቅሎ ይጠብቃል፤ ቶዮታ ለመኪናዎቹ 90 ሰከንድ መጠበቅን ያዝዛል። ኤርባግ በሌላቸው በጥንት መኪናዎች ላይ ግን ሥራው ቀላል ነው፤ ሽፋኑን አንሥቶ በመሪው ውስጥ ያለውን የነሐስ ቀለበትና የምትነካውን ትንሽ መገናኛ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ትልልቆቹ የጭነት መኪናዎች፥ ማቶኬና ቡና የሚጭኑት፥ ሕጋቸው በከፊል ይለያል። ብዙዎቹ በ24 ቮልት ስለሚሠሩ የ12 ቮልት ጡሩንባ ቢገጠምባቸው ጥቂት ጮኾ ይቃጠላል፤ የ24 ቮልቱ በፒካፕ ላይ ቢገጠም ደግሞ ይንሾካሾካል እንጂ አይጮህም። የነፋስ ጡሩንባ ባላቸው ላይ የሚጮኸው ከፍሬኑ የነፋስ በርሜል የሚመጣው ነፋስ ነው። ይህ ዓይነቱ ሲደክም የነፋሱን መለኪያ ማየት ነው፤ መለኪያው ዝቅ ካለ የጡሩንባውን ነገር ትቶ መኪናውን ማቆም ይገባል፥ ከዚያው ነፋስ የሚሠራው ፍሬን ነውና።

እንቢ ከማለት ይልቅ አላቆምም የሚል ጡሩንባም አለ። ሌሊት በሰፈር መካከል እንዲህ የሆነበት ሰው የጡሩንባውን ፊውዝ ይንቀል፤ ጎረቤቱ ከተኛ በኋላ፥ በማለዳ፥ የተጣበቀውን ሪሌ ወይም ተጭኖ የቀረውን ቁልፍ ይፈልግ።

የኡጋንዳ መንግሥት በፈረንጅ 2018 ባወጣው ሕግ ከተሠራ 15 ዓመት የሞላው መኪና ወደ አገሩ እንዳይገባ ከልክሎአል። ይሁን እንጂ የገባው መኪና ከገባ በኋላ ለብዙ ዓመት ስለሚነዳ፥ ኪሴካ በሚባለው የካምፓላ የመለዋወጫ ገበያ ያገለገለ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ጡሩንባ የሚገዛ ሰው በዚያም ሆነ በአዲስ አበባ መርካቶ፥ ቮልቱን፥ የሽቦውን ቁጥር አንድ ወይም ሁለት መሆኑን፥ ድምፁም ወፍራም ወይም ቀጭን መሆኑን አስቀድሞ አውቆ ይሂድ፤ ከሻጩም ፊት በባትሪ አስጩሆ ሳይሰማ ገንዘቡን አይክፈል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መኪናዎችን የሚቈጣጠሩ ሹማምንትም በየመኪናው ውስጥ ጥቂት ትርፍ ፊውዞችና አንድ ክንድ ሽቦ እንዲቀመጥ ቢያዝዙ ወጪው ኢምንት ነው።

ጥፋቱ እስኪገኝ ድረስ መንዳት ግድ የሆነበት ሰው ከኮረብታ ጫፍና ከመታጠፊያ በፊት ፍጥነቱን ይቀንስ፥ ቀንም ቢሆን የፊት መብራቱን ያብራ፥ ብስክሌተኛና ከብት ሲያይ ይረዳልኛል ብሎ ሳይሆን አልሰማኝም ብሎ ይለፍ። በፈረንጅ 1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ውል ጡሩንባ አደጋን ለማስጠንቀቅ፥ ከከተማ ውጭም የሚቀድሙትን መኪና ለማሳወቅ እንዲነፋ ይወስናል። የካምፓላ የታክሲ ነጂዎች መንገደኛ ለመጥራት፥ ሰላምታ ለመስጠትና ለመቈጣትም ይነፉታል፤ እኛም በአዲስ አበባ ከዚህ የራቅን አይደለንም።

የወዳጃችንን ነገር ለማወቅ ለሚፈልግ አንባቢ፥ ሻጩ ሁለቱን ጡሩንባዎች መልሶ አልተቀበለውም። ዛሬ በመጋዘኑ ውስጥ ከሽንኩርቱ ጆንያዎች በላይ በምስማር ተሰቅለው ይታያሉ። በዚያው ገበያ የሚያውቁት ነጂዎች መኪናቸው ዝም ሲልባቸው አንዱን እንዲሸጥላቸው እየመጡ ይለምኑታል። እርሱ ግን ወደ ምስማሩ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት «ስትጫነው ቀጭ ይላል ወይ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል። ከሦስት ወር በኋላ ስንጎበኘው ሁለቱም እዚያው ተሰቅለው ነበሩ።